ትንሹ ጉድለትና ትልቁ ጥሰት
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲጋብዘኝ ሁለት ነገር አስጠንቅቆኛል። አንደኛው ከግማሽ ሰዓት እንዳላልፍ ነው። ሁለተኛው «ከምሳ በኋላ ስለሆነ ሰው እንዳታስተኛ» የሚል ነው። የመጀመሪያውን ለማክበር ቃል ገብቻለሁ። ሁለተኛው ግን ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ሊያጋጥመው ይችላል፤ ምሳው ጥሩ ነበርና።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሕግ የተማርነው ጥቂቶች ነን። አብዛኞቻችሁ መሐንዲሶች፣ ሐኪሞች፣ የሒሳብ ባለሙያዎች፣ መምህራን፣ ነጋዴዎች ናችሁ። ውል ግን ሁላችሁም ትፈርማላችሁ። ክሊኒክ የከፈተው የራጅ ማሽን ያዝዛል፤ ሕንፃ የሚያሠራው አሳንሰር ይገዛል፤ ሰሊጥ የሚልከው ከመጋዘን ባለቤትና ከጭነት መኪና ባለንብረት ጋር ይዋዋላል። ታዲያ ሌላው ወገን ቃሉን ሲያጥፍ ወደ እኔ ቢሮ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ውሉን መሰረዝ እችላለሁ?»

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ብዙ ጊዜ ሰው ይህን የሚጠይቀኝ የመሰረዣውን ደብዳቤ ከላከ በኋላ ነው። ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው ያ ደብዳቤ ለምን አደገኛ እንደሆነ ነው። ያለ በቂ ምክንያት ውል የሰረዘ ሰው፣ ጠዋት ተበዳይ ሆኖ ተነስቶ ማታ በዳይ ሆኖ ይገባል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ላይ በደንብ ይሠራል፤ በውል ጉዳይ ግን ያፈሰሰውን ሁልጊዜ ለቅሞ መመለስ አይቻልም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። ስሙንም፣ ቦታውንም፣ ጥቂት ዝርዝሮችንም ቀይሬያለሁ። የአንድ የግል ትምህርት ቤት ባለቤት ለአዲሱ ዓመት 400 የተማሪ መቀመጫ ከእንጨትና ከብረት ሥራ ባለሙያ ጋር ተዋዋለ። ርክክቡ እስከ ነሐሴ 30 ነበር። ነሐሴ 28 ቀን 340ው መጣ። የቀረው 60 በሳምንት ውስጥ እንደሚደርስ ተነገረው። በዚያ ላይ ቀለሙ በናሙናው ላይ ከነበረው ትንሽ ጠቆር ያለ ነበር። ሰውዬው በጣም ተናደደ። የዚያኑ ዕለት «ውሉ ተሰርዟል፤ ዕቃህን አንሳ፤ ቅድሚያ ክፍያዬን መልስ» ብሎ ጻፈ። ከቁጣው ጀርባ ሌላም ነገር ነበር፤ በዚያው ሳምንት በርካሽ የሚያቀርብለት ሌላ ሰው አግኝቶ ነበር።

እኔ ዘንድ የመጣው ከተከሰሰ በኋላ ነው። አስቡት እንግዲህ። ደብዳቤው ሲጻፍ የርክክቡ ቀን ገና አላለፈም። ከአሥሩ ስምንት ተኩል እጅ ዕቃ ግቢው ውስጥ ነው። የቀለሙ ጉዳይ አንድም ልጅ ተቀምጦ እንዳይማር አያደርግም። ማስጠንቀቂያ አልተሰጠም። ባለሙያው «ውሉን ያፈረሰው እርሱ ነው፤ ቀሪ ዋጋዬንና ኪሣራዬን ይክፈለኝ» ሲል የሚያሳፍር ክርክር አልነበረም። በመጨረሻ በሽማግሌ ታረቁ፤ ትምህርት ቤቱ መቀመጫዎቹን ተቀበለ፣ ለቀለሙ ትንሽ ቅናሽ ተደረገለት፣ ባለሙያው ዕቃውን አንስቶ ያቆየበትን የመጋዘን ኪራይ ግን ከኪሱ ከፈለ። ከርካሹ አቅራቢ ጋር የተዋዋለውም ሌላ ጣጣ ሆነበት።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ በሕግ ፊት የሚጸናው ግን የአማርኛው ቅጂ ነው። የሕግ ተማሪዎች ሳለን አማርኛውንና እንግሊዝኛውን ጎን ለጎን እያስቀመጥን ስንከራከር ያመሸንባቸውን ቀናት እዚህ ያላችሁ ጥቂቶች ታስታውሳላችሁ። ሕጉ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ንጉሣዊውን፣ ወታደራዊውንና የአሁኑን ሥርዓት አልፎ የውል ክፍሉ ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የንግድ ሕጉ እንኳ በ2013 በአዲስ ተተክቷል።

ቁጥር 1771 ውል ሳይፈጸም ሲቀር ተበዳዩ ያሉትን መንገዶች ያሳያል። ውሉ በግድ እንዲፈጸምለት መጠየቅ ይችላል፤ ውሉ እንዲሰረዝለት ዳኛ መጠየቅ ይችላል፤ በተወሰኑ ሁኔታዎች ደግሞ ራሱ መሰረዝ ይችላል። በማናቸውም ላይ ጨምሮ የደረሰበትን ኪሣራ ይጠይቃል። ልብ በሉ፣ ኪሣራ ለመጠየቅ ጥሰቱ ትልቅ መሆን የለበትም። ትንሹም ጉድለት ጉዳት ካደረሰ ይካሳል። መሰረዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ላንሳ፤ መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝ። ሰው ሁሉ «ውሉን አፈረስኩት» ይላል። በሕጉ ቋንቋ ውልን ማፍረስ ውሉ ከመጀመሪያው ጉድለት ሲኖርበት ነው፤ ለምሳሌ በማታለል ወይም በማስፈራራት የተገኘ ፈቃድ ሲሆን። መሰረዝ ደግሞ በደህና የተወለደ ውል በኋላ አንዱ ወገን ስላልፈጸመው ሲቋረጥ ነው። ጽንስ ሲበላሽና አዋቂ ሰው ሲሞት ያለው ልዩነት ዓይነት ነው። በደብዳቤያችሁ ላይ አንዱን ለሌላው ብትጽፉ ዓለም አይጠፋም፤ ጠበቃችሁ ግን ከሌላኛው ወገን ጠበቃ ጋር አንድ ቀጠሮ በከንቱ ይጨቃጨቃል።

ወደ ዋናው ነገር ስንመጣ ቁልፉ ቁጥር 1785 ነው። ዳኛው ውል እንዲሰርዝ ሲጠየቅ የሁለቱንም ወገን ጥቅምና ቅን ልቦና የሚጠይቀውን ማየት አለበት። የተጣሰው መሠረታዊ የሆነ የውል ቃል ካልሆነ አይሰርዝም። መሠረታዊ ነው አይደለም የሚለውን ለመመዘን ሕጉ የሚያቀርበው ፈተና ደግሞ በጣም ቀላል፣ በጣምም ጥልቅ ነው፦ ይህ ሰው ያ ቃል በውሉ ውስጥ ባይኖር ኖሮ ውሉን ይፈርም ነበር ወይ? አይፈርምም ነበር ማለት ምክንያታዊ ከሆነ፣ ጥሰቱ የውሉን ልብ ነክቷል። «ቀለሙ ጠቆር ይላል» ቢባል ኖሮ ያ የትምህርት ቤት ባለቤት መቀመጫ አይገዛም ነበር? ይገዛ ነበር፤ ምናልባት በትንሽ ቅናሽ። «ስድሳው በሳምንት ይዘገያል» ቢባልስ? አጉረምርሞ ይፈርም ነበር።

አሁን ነገሩን ገልብጡት። ለእሑድ ሠርግ ድንኳንና ወንበር ተከራያችሁ። ሰኞ ጠዋት መጣ። የዘገየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ከመቀመጫዎቹ ሳምንት ያነሰ ነው። ግን ያ አንድ ቀን ውሉን በሙሉ ይዞት ሄዷል፤ ሙሽሮቹ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው፣ እንግዳው ቆሞ በልቶ ተበትኗል። ሕጉም ይህን ያውቃል፤ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ካልሆነ ሊፈጸም የማይችል ግዴታ ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ መስጠት እንኳ አያስፈልግም ይላል፤ ቁጥር 1775። ስለዚህ የጥሰትን ክብደት በቀን፣ በብር ወይም በመቶኛ ብቻ መለካት አይቻልም። የሚለካው ውሉ ሊያስገኝላችሁ ከነበረው ነገር አንጻር ነው።

ይህን ልዩነት ከሁሉ በላይ ቁልጭ አድርገው የሚያሳዩት በ1876 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተወሰኑ ሁለት የዘፋኞች ጉዳዮች ይመስሉኛል። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። በአንደኛው ፑሳር የተባለች ድምፃዊት በአዲስ ኦፔራ ዋናውን ቦታ ይዛ እንድትጫወት ተቀጠረች። ታመመችና የመክፈቻው ምሽትና ቀጥሎ ያሉት ጥቂት ምሽቶች አመለጧት። ስትድን መጣች፤ ቲያትር ቤቱ ግን ሌላ ቀጥሮ ነበርና አልተቀበላትም። ፍርድ ቤቱ ለቲያትር ቤቱ ፈረደ፤ የአዲስ ትርዒት መክፈቻ የነገሩ ሥር ነው ብሎ። ሴትየዋ በመታመሟ ጥፋተኛ አይደለችም፤ ነገር ግን ጥያቄው ጥፋተኛ ማነው ሳይሆን ውሉ ምን ያህል ተጎዳ የሚል ነበር። በሁለተኛው ጉዳይ ቤቲኒ የተባለ ዘፋኝ ለሦስት ወር ተኩል ያህል ሊዘፍን ተዋዋለ፤ ለልምምድም ከስድስት ቀን በፊት ለንደን እንዲገኝ በውሉ ተጽፏል። ታሞ ዘግይቶ ሁለት ቀን ሲቀረው ደረሰ። አሠሪው አባረረው። እዚህ ላይ ፍርድ ቤቱ ለዘፋኙ ፈረደ። የልምምዱ ቀናት ጎደሉ እንጂ የሦስት ወር ተኩሉ ዘፈን አልጎደለም፤ አሠሪው ኪሣራ ካለው ይጠይቅ፣ ውሉን ግን መጣል አይችልም ተባለ። ሁለቱም ታመሙ፣ ሁለቱም ቀን አሳለፉ፤ ፍርዱ ግን ተለያየ።

የግንባታ ሰዎች ደግሞ የኒው ዮርኩን የቧንቧ ጉዳይ ብታውቁት ጥሩ ነው። ኬንት የሚባሉ ሰው ከ77,000 ዶላር በላይ የወጣበት የገጠር መኖሪያ ቤት አሠሩ። በውሉ ላይ የውኃ ቧንቧው ሁሉ «ሬዲንግ» የተባለው ፋብሪካ ምርት እንዲሆን ተጽፏል። ቤቱ አለቀ፣ ሰውዬው ገብተው መኖር ጀመሩ። ወራት ካለፉ በኋላ ከቧንቧው አንዳንዱ የሌላ ፋብሪካ መሆኑ ታወቀ። ጥራቱ ያው ነው፤ ልዩነቱ ላዩ ላይ የታተመው ስም ነው። ቧንቧው ግን ግድግዳ ውስጥ ተቀብሯል፤ ለመለወጥ ቤቱን ማፍረስ ሊያስፈልግ ነው። አርክቴክቱ ቀይሩ አለ፤ ሥራ ተቋራጩ እምቢ አለና ያልተከፈለውን ወደ 3,500 ዶላር የሚጠጋ ቀሪ ገንዘብ ጠየቀ። በ1921 እ.ኤ.አ. የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በአራት ለሦስት ድምፅ ለተቋራጩ ፈረደ። የብዙኃኑን ውሳኔ የጻፉት ዳኛ ካርዶዞ ያሉት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሳይታሰብ የደረሰ ትንሽ ጉድለት ሙሉውን ዋጋ አያስቀርም፤ ባለቤቱ የሚያገኘው በቤቱ ዋጋ ላይ የመጣውን ልዩነት ነው፤ ያ ደግሞ ከምንም የማይቆጠር ነው።

በኔ አስተያየት ግን የሦስቱ ተቃዋሚ ዳኞች ሐሳብ የሚናቅ አይደለም። እነርሱ ያሉት «ሰውዬው ይህን ቧንቧ ፈለጉ፤ ለምን እንደፈለጉት ማስረዳት የለባቸውም፤ የከፈሉት ለዚህ ነው» ነው። እኛ ሀገርም ይህ ስሜት አለ። ገንዘቤን ከፍዬ የፈለግኩትን ያላገኘሁ እንደሆነ «ያው ነው፣ አይለይም» የሚለኝ ሰው ያበሳጨኛል። ካርዶዞም ይህን አልካዱም፤ ተዋዋዮቹ አንድ ነገር ለእነርሱ የግድ መሆኑን በግልጽ ከጻፉ ሕጉ ያከብርላቸዋል ብለዋል። ችግሩ አብዛኛው ሰው የግድ የሆነውንና የሚመረጠውን ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ አስገብቶ መፈረሙ ነው።

የመርከቧ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነገር ያስተምራል። በ1957 እ.ኤ.አ. «ሆንግ ኮንግ ፈር» የተባለች የጭነት መርከብ ለሁለት ዓመት ተከራየች። ሞተሯ ያረጀ ነበር፣ የሞተር ክፍል ሠራተኞቿም ብቃት አልነበራቸውም። ከአሜሪካ ድንጋይ ከሰል ይዛ ወደ ጃፓን ስትሄድ በመንገድ ላይ ለሳምንታት ቆመች፤ ኦሳካ ከደረሰች በኋላም ለወራት ጥገና ገባች። ተከራዮቹ ውሉን ሰረዙ። አከራዮቹ ከሰሱ፤ አሸነፉም። ጥሰት ነበረ፤ ማንም አልካደም። ነገር ግን መርከቧ ተጠግናለች፣ ከሃያ አራቱ ወር ብዙው ገና አለ፤ ስለዚህ ተከራዮቹ ከውሉ ሊያገኙት የሚገባውን ጥቅም በመላው አላጡም ተባለ። አሁን አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። በእነዚያ ወራት የመርከብ ኪራይ ዋጋ በዓለም ገበያ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ተከራዮቹ ያንኑ የሚያህል መርከብ በጣም በርካሽ ማግኘት ይችሉ ነበር።

ከዚህ ጉዳይ የቀረልኝ ልማድ አለ። ደንበኛ መጥቶ «ጥሰቱ ከባድ ነው፣ ልሰርዝ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የገበያውን ዋጋ ነው። ውሉን ከፈረሙ ወዲህ ዋጋው ወጣ ወይስ ወረደ? ሌላ የተሻለ አቅራቢ ተገኘ? ትንሹ ጉድለት በድንገት ትልቅ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ከውሉ መውጣት ሲያዋጣ ነውና። ዳኞችም ሰዎች ናቸው፤ ይህን ይሸታቸዋል። ሕጉ ቅን ልቦናን እንዲያዩ ያዘዛቸውም ለዚህ ይመስለኛል።

የራሳችንን የቅርብ ጊዜ ታሪክ ውሰዱ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በብር ዋጋ ተዋውሎ ከውጭ ጄኔሬተር፣ አሳንሰር፣ መድኃኒት ወይም የኤሌክትሪክ ገመድ ሊያመጣ የነበረ ሰው ሁሉ ራሱን ያዘ። «ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል ገጥሞናል» የሚሉ ደብዳቤዎች በየቢሮው ዘነቡ። ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ከሕጉ አንጻር አብዛኞቹ ደካማ ነበሩ። በቁጥር 1792 መሠረት ከአቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለውና እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። መክሰር ከመታገድ ይለያል። ቁጥር 1794 ደግሞ፣ ተዋዋዮቹ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር፣ ለሥራው የሚያስፈልገው ጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር ወይም ግዴታን የሚያከብድ አዲስ ሕግ መውጣት ከአቅም በላይ እንደማይባል ይናገራል። ቁጥር 1764 ውሉ ቢከብድም እንደጸና ይቆያል ይላል፤ በቁጥር 1763 መሠረትም ሕግ ለይቶ ካልፈቀደ በቀር ዳኛ ለርትዕ ብሎ ዋጋ ሊያስተካክል አይችልም።

ጨካኝ ነው? አዎ፣ ትንሽ ጨካኝ ነው። ዋጋው በእጥፍ ሲጠጋበት ሠላሳ ዓመት የሠራ ነጋዴ ከሜዳ ሲወጣ ማየት ደስ አይልም። ይሁን እንጂ ሌላኛው ወገንም አለ፤ በዚያ ዋጋ ተማምኖ የሆስፒታሉን በጀት ያስጸደቀ፣ ከባንክ የተበደረ። ሕጉ አደጋውን ቃል በገባው ሰው ላይ አስቀምጦታል፤ ተዋዋዮቹ ግን ራሳቸው ተቀምጠው ዋጋውን በአዲስ ስምምነት መለወጥ ይችላሉ። በዚያን ጊዜ ብልህ የነበሩት ቶሎ ቁጭ ብለው የተነጋገሩት ናቸው፤ ግማሽ ጭማሪውን እኔ፣ ግማሹን አንተ እየተባባሉ ዕቃቸውን ያስገቡ አሉ።

አሁን የሚገርመውን ነገር ላሳያችሁ። አቅራቢው «በዚህ ዋጋ አላቀርብም» ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ይህ ከጥሰት ሁሉ የከበደ ነው፤ ገዢው ያለ ብዙ ሥርዓት መሰረዝ ይችላል። ግን ልሰርዝ? ብትሰርዙ ለአቅራቢው ውለታ ዋላችሁለት! ገዢው የሚፈልገው በድሮው ዋጋ ጄኔሬተሩን ነው፤ ወይም ከሌላ ሲገዛ የሚጨምረውን ልዩነት በኪሣራ መልክ ማግኘት ነው። ጥሰቱ መሠረታዊ መሆኑ የመሰረዝን በር ይከፍታል እንጂ ግቡ ብሎ አያስገድድም። ሳትጽፉ በፊት ወረቀት አውጥታችሁ ሁለቱን መንገድ በብር አስሉት።

በአፍ «አልፈጽምም» ካለስ? ቁጥር 1789 በማያሻማ ሁኔታ እንደማይፈጽም የተናገረውን ወገን ውል መሰረዝ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል። ይህን ያልሰጠ የመሰረዝ መብቱን ያጣል። የተጠነቀቀውም በ15 ቀን ውስጥ በጊዜው እንደሚፈጽም በቂ ዋስትና ካቀረበ ውሉ አይሰረዝም። በስልክ «ሂድና የፈለግከውን አድርግ» ያላችሁን ሰው በማግስቱ አትሰርዙት። ሰው በቁጣ ብዙ ይናገራል።

ስለ ማስጠንቀቂያ ካነሳሁ፣ ይህ በጣም የሚናቅ ግን ብዙ ክርክር የሚያሸንፍ ነገር ነው። መነሻው ቁጥር 1772 ነው፤ ውሉ አልተፈጸመልኝም ብሎ ለመከራከር ባለዕዳውን ግዴታህን ፈጽም ብሎ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የግዴታው ጊዜ ሳይደርስ ማስጠንቀቅ አይቻልም። በማስጠንቀቂያው ውስጥ ተመጣጣኝ የሆነ የመጨረሻ ቀን መቁረጥ ይቻላል፤ ያ ቀን ሲያልፍ ዳኛ ዘንድ ሳትሄዱ ራሳችሁ መሰረዝ የምትችሉበት መንገድ ይከፈታል። ለምሳሌ «የቀሩትን 60 መቀመጫዎች እስከ መስከረም 8 እንድታስረክብ፤ ከዚያ በኋላ አልቀበልም» የሚል አንድ ገጽ። ያ የትምህርት ቤት ባለቤት ነሐሴ 30 ካለፈ በኋላ ይህን ቢጽፍ ኖሮ ወይ መቀመጫው ይመጣ ነበር፤ ወይ ስለ ቀሩት 60 አቋሙ ጠንካራ ይሆን ነበር። በቴሌግራም የተላከ መልእክት ማስጠንቀቂያ ይሆናል ወይ ተብዬ ሁልጊዜ እጠየቃለሁ። ሕጉ የሚፈልገው በጽሑፍ መጠየቅን ወይም እንዲፈጸምለት መፈለጉን የሚያሳይ ማናቸውንም ድርጊት ነው፤ ስለዚህ በሩ ዝግ አይደለም። ነገር ግን ደርሶኛል አልደረሰኝም የሚል ክርክር ውስጥ ከመግባት ማኅተም ያለበት ደብዳቤ በፊርማ ማስረከብ ይሻላል። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው ለዚህም ይሆናል።

መሐንዲሶች በፊዲክ ውል ስለምትሠሩ ይህ አዲስ አይደለም፤ እዚያም መጀመሪያ የማስተካከያ ማሳሰቢያ ይጻፋል እንጂ በቀጥታ ወደ መሰረዝ አይኬድም።

ስለ ውል አጻጻፍ አንድ ሁለት ነገር ልበልና ላብቃ። በገበያ ላይ ከቢሮ ወደ ቢሮ የሚዞር አንድ አንቀጽ አለ፦ «ከዚህ ውል አንቀጾች ማናቸውም ቢጣስ ውሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ ይሰረዛል» የሚል። ተዋዋዮች የመሰረዣ ምክንያት በውላቸው መጻፍ ይችላሉ፤ ቁጥር 1786 ይፈቅዳል። ማስጠንቀቂያ አያስፈልግም ብለውም መስማማት ይችላሉ። እኔ ግን ይህን አንቀጽ አልወደውም። ሁሉንም ነገር መሠረታዊ ማድረግ ምንም ነገር መሠረታዊ አለማድረግ ነው። ደግሞ ሁለት ስለት አለው፤ እናንተም ክፍያ አንድ ቀን ብታዘገዩ ይቆርጣችኋል። ከዚያ ይልቅ የማትደራደሩበትን ሦስት ወይም አራት ነገር ለይታችሁ «ይህ ቃል ባይኖር አንዋዋልም ነበር» ብላችሁ ጻፉ። ለክትባት ማቀዝቀዣ የሙቀት መጠኑ፣ ለዘር አቅራቢ የመዝሪያው ወቅት፣ ለአሳንሰር የሚሸከመው ክብደት።

መቀጫም እንዲሁ ነው። ለመዘግየት በየቀኑ 0.1 በመቶ፣ ጣሪያው 10 በመቶ የሚል መቀጫ ብዙ ውል ውስጥ አያለሁ። ይህን የጻፈ ሰው ለመዘግየት አስቀድሞ ዋጋ ተምኖለታል። በአምስተኛው ቀን ተነስቶ «መዘግየቱ የውሉን ልብ ነክቷል» ቢል ማን ያምነዋል? ጣሪያው ከሞላ በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው።

ቀብድም እንደ ተራ ቅድሚያ ክፍያ ይቆጠራል። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ትቶ ከውሉ መውጣት ይችላል፤ የተቀበለው ደግሞ እጥፉን መልሶ ይወጣል፤ በሌላ ዓይነት ካልተስማሙ በቀር። ይህ ያለ ጥሰት ክርክር የሚወጣበት በር ነው። የምትከፍሉት ገንዘብ ቀብድ ይሁን የዋጋው ከፊል ክፍያ በጽሑፍ ለዩት። ቀብድ ወስዶ ሌላ ከፍ ያለ ዋጋ ሲያገኝ «ቀብድህን እንካ» የሚለው ሻጭ ግማሽ ዕዳውን ነው የከፈለው።

የመጨረሻው ስለ ራሳችሁ ነው፤ ማለቴ ጥሰቱ በእርግጥ ከባድ ሆኖ፣ አስጠንቅቃችሁ፣ ጊዜ ሰጥታችሁ፣ በትክክል የሰረዛችሁ ሰዎች። ውሉ ሲሰረዝ ሁለቱም ወገን በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት ይመለሳሉ፤ ገንዘቡም ዕቃውም። ኪሣራም ትጠይቃላችሁ። የምታገኙት ግን ማንኛውም አስተዋይ ሰው ከእንዲህ ያለ ጥሰት ይደርሳል ብሎ የሚገምተውን ነው፤ በቁጥር 1802 መሠረትም ጉዳቱ እንዳይሰፋ የምትችሉትን የማድረግ ግዴታ አለባችሁ። አንድ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ያሠራ ሰው አሳንሰሩ ከሚገባው ክብደት በግማሽ ያነሰ ሆኖ ተተከለለት። ጥሰቱ መሠረታዊ ነበር፤ አቅራቢው ራሱ አልተከራከረም። ባለ ሕንፃው ግን «ክስ ላይ ነን» እያለ ሌላ አሳንሰር ሳይገዛ አሥራ አራት ወር ቆየ፤ ከአራተኛ ፎቅ በላይ ያሉት ቢሮዎች ሳይከራዩ ቀሩ። የአሥራ አራቱን ወር ኪራይ በሙሉ ጠየቀ። ሌላ አሳንሰር ገዝቶ ለመትከል ስድስት ወር በቂ ነበር ተብሎ የስድስቱን ብቻ አገኘ። የስምንቱ ወር የራሱ ሆነ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ኮሚቴው ከኋላ እጁን እያሳየኝ ነው። ጥያቄ ያላችሁ በሻዩ ሰዓት አለሁ፤ የመሰረዣ ደብዳቤ ኪሳችሁ ውስጥ ያለ ካላችሁ ግን እባካችሁ ሳትልኩት በፊት አሳዩኝ።